ክብ ግድግዳና ቅስት በር በብሎኬት ቤት ይሠራል፣ ሶሌታው ሳይሞላ ከታሰበበት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ኢንጅነር። ቢሾፍቱ ላይ ጂ+1 ቤት እየሠራሁ ነው። የግራውንዱ ኮለኖች (የኮንክሪት ምሰሶዎች) ቆመዋል፣ ለመጀመሪያው ሶሌታ (ለፎቁ የኮንክሪት ወለል) ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) እየተመታ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንሞላለን። ባለቤቴ በሳሎንና በመመገቢያው መካከል ያለው 1.80 ሜትር መተላለፊያ ቅስት እንዲሆን ትፈልጋለች። ደረጃው ጋ ወደ ሳሎን የሚወጣው ማዕዘን ደግሞ ክብ ግድግዳ ቢሆን ትላለች። ፕላኑ ላይ ሁለቱም የሉም። ግንበኛው ‹በብሎኬት ክብ አይወጣም፣ በኋላ በጂፕሰም ይሻላችኋል› አለን። እውነቱን ነው? ብዙ ብር ይበላል? የመኝታ ቤት በሮችንስ ቅስት ብናደርጋቸው?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በሰዓቱ ነው የመጣው። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ ቤቱ ተለስኖ ቀለም ሊቀባ ሲል ነው። ያኔ ከጂፕሰም ሌላ ብዙም መንገድ የለም፣ ግንበኛውም «ብዬ ነበር» ብሎ ይስቃል። አንተ ግን ሶሌታውን ገና አልሞላህም። ስለዚህ ሁለቱም በብሎኬትና በሲሚንቶ ይሠራሉ፣ ወጪውም የሚያስመርር አይደለም። ልኩ ግን አሁን ይወሰን። ክብና ቅስት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ግንበኛው ማንኪያውን ሳያነሳ ነው፤ ማንም በወረቀት ላይ ቁጥር ሳያስቀምጥ «እዚህ ጋ ትንሽ ጎበጥ አድርገው» ተብሎ በቃል ሲነገር።

ከቅስቱ ልጀምር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ከላይ ያለውን ሸክም ማን ይዞታል የሚለው ነው። ጎንደር ሄደህ ከሆነ የፋሲል ግቢን በሮችና መስኮቶች አይተሃል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፣ ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባ ብረት) የሚባል ነገር ውስጣቸው የለም። እነዚያ ቅስቶች የምር ሸክም ተሸክመዋል። ቅስት ደግሞ ሸክሙን ወደ ታች ብቻ አያወርድም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። እግሮቹ ሁልጊዜ ተከፍተው መሄድ ይፈልጋሉ። ጎንደር ላይ ያንን ግፊት የሚመልሰው የግድግዳው ውፍረትና ክብደት ነው። ያንተ ግድግዳ ባለ 15 ወይም ባለ 20 ሴንቲ ውፍረት ብሎኬት ነው፣ ያውም ውስጡ ባዶ። መተላለፊያው በአንድ በኩል ኮለን ቢኖረው እንኳ በሌላው በኩል አጭር የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ከሆነ፣ 1.80 ሜትር የጡብ ቅስት አስደግፈህ ሸክም ስታሳርፍበት ያ አጭር ግድግዳ ቀስ እያለ ይገፋል፣ ቅስቱም አናቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ደግነቱ ሸክም የሚይዝ ቅስት አያስፈልግህም። ቤትህ የኮንክሪት ፍሬም ነው፤ ሸክሙን ቢሙ (በኮለኖች ላይ የሚጋደመው ኮንክሪት) ለኮለኑ፣ ኮለኑ ለመሠረቱ ያደርሳል። ስለዚህ ቢሙ እንደተነደፈው ቀጥ ብሎ ይለፍ፣ ቅስቱ ከሥሩ ይንጠልጠል። ጌጥ ነው ማለት ነው። ጌጥ መሆኑ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ጌጡ ሰው ራስ ላይ ሲወርድ ነው።

ይህን የምለው ያለምክንያት አይደለም። አንዳንድ ግንበኛ ብሎኬት በሰያፍ ሰባብሮ በመተላለፊያው ሁለት የላይ ጥጎች ላይ በሲሚንቶ ይለጥፍና በልስን ይሸፍነዋል። ሲያዩት ያምራል። የያዘው ግን ሲሚንቶው ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማ ታስታውሳለህ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ዳር ላይ ናት። ቤትህ ሳይነካ ያ ቁራጭ ብሎኬት ብቻውን ሊወርድ ይችላል። ከሥሩ ደግሞ ልጆች የሚሯሯጡበት መተላለፊያ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ሰው ቅስት ሲባል የሚታየው ግማሽ ክብ ነው። ለጠባብ በር ጥሩ ነው። ለ1.80 ግን አስበው። የግማሽ ክብ ቁመት የስፋቱ ግማሽ ነው፣ ማለትም 90 ሴንቲ። የቢምህ ሥር ካለቀው ወለል 2.50 ሜትር ላይ ነው እንበል። ልብ በል፣ ልኩ ሁሉ የሚነሳው ካለቀው ወለል ነው፤ ሴራሚኩና ከሥሩ የሚደፋው ሲሚንቶ 5 ወይም 6 ሴንቲ ይበላል። በቢሙና በቅስቱ አናት መካከል 15 ሴንቲ ካስቀረህ አናቱ 2.35 ላይ ያርፋል። ከዚያ 90 ስትቀንስ ጎኑ መጉበጥ የሚጀምረው ገና 1.45 ላይ ነው። ይሄ የአንድ ረጅም ሰው ትከሻ ነው። ማንንም አይመታም፣ ግን ሰፊውን መተላለፊያ የዋሻ አፍ ያስመስለዋል፣ ሳሎኑም ዝቅ ያለ ይመስላል።

እኔ ብሆን ዝርግ ቅስት ነው የማደርገው፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ብቻ። ያኔ ጎኖቹ እስከ 2.05 ድረስ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይጎብጣል። የክቡን ሬዲየስ ለማግኘት የስፋቱን ግማሽ በራሱ ታባዛለህ፣ የቅስቱን ቁመትም በራሱ ታባዛለህ፣ ትደምራቸዋለህ፣ ከዚያ ለቁመቱ እጥፍ ታካፍላለህ። 90 በ90 ሲባዛ 8100፣ 30 በ30 ደግሞ 900፣ ድምሩ 9000፣ ለ60 ሲካፈል 150። ሬዲየሱ 1.50 ሜትር ሆነ። ማዕከሉ ጉብጠቱ ከሚጀምርበት መስመር 1.20 ዝቅ ይላል፣ ማለትም ከወለሉ 85 ሴንቲ ከፍታ ላይ ነው። ቁጥሩን ከወደድከው ውሰደው፣ ካልወደድከው ቁመቱን 35 ወይም 40 አድርገህ ራስህ አስላው። ግን ከፈጣሪ በታች ያለ ግንበኛ ሁሉ «በዓይኔ አወጣዋለሁ» ቢልህ እንዳትሰማ።

ቅርጹን ወለል ላይ አውጡት። አንድ ኮምፔንሳቶ (ሰፊ ስስ ጣውላ) ዘርጉ፣ በቀጥተኛ ሞራሌ (ረጅም እንጨት) አንድ ጫፍ ላይ ምስማር ምቱ፣ ከምስማሩ 1.50 ላይ እርሳስ እሰሩና አዙሩት። በሲባጎ አታዙሩ። ሲባጎ ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሴንቲ ተለያይቶ ይመጣና ማን እንዳጠፋ ሳይታወቅ ይቀራል። ሁለት ቅርጽ ያስፈልግሃል። አንደኛው 1.52 ነው፣ የልስኑ ውፍረት የተጨመረበት፣ ለብረት ሥራው። ሁለተኛው 1.50 ነው፣ ለለሳኙ። ጎኖቹም እንዲሁ፤ ልስኑ በየጎኑ 2 ሴንቲ ከበላ፣ 1.80 የተጠናቀቀ ስፋት ለማግኘት በብሎኬት ጊዜ 1.84 መተው አለብህ። ቅርጹ ሲቆረጥ ከኮለኑ ጋር አስደግፋችሁ አቁሙትና ባለቤትህ ሶፋው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆና ትየው። ሐሳብ የሚቀየር ከሆነ እዚህ ላይ ይቀየር፣ በአንድ ኮምፔንሳቶ ኪሳራ።

እንግዲህ ዛሬውኑ ማናገር ያለብህ ፌሮ የሚያስረውን ሠራተኛ፣ ፌራዮውን ነው። ሶሌታው ስላልተሞላ፣ መተላለፊያው ላይ ከሚያልፈው ቢም ሥር የባለ 8 ሚሊ ፌሮ ጫፎች በየ20 ሴንቲው ወደ ታች ወጥተው ይቅሩ፣ በሁለት ረድፍ፣ አንዱ በሳሎን በኩል፣ አንዱ በመመገቢያ በኩል። የላይኛው ጫፋቸው ቢሙ ውስጥ ታጥፎ ከዋናው ፌሮ በላይ ይያዝ። አናጢው የካሳፎርማውን ወለል በስቶ ያሳልፋቸዋል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህን ሳታደርግ ከሞላህ በኋላ ቢሙን በድሪል መብሳት ሊኖርብህ ነው፣ የቢም ሥር ደግሞ ዋናው ፌሮ የተኛበት ቦታ ስለሆነ ማንም እንዲበሳው አትፈልግም። ስትራክቸሩን የሠራልህ ኢንጅነር ፌሮዎቹን አይቶ እሺ ይበል፣ ለእሱ ትንሽ ነገር ነው።

ካሳፎርማው ሲፈታ ሁለት ባለ 8 ፌሮ በ1.52ቱ ቅርጽ ታጥፎ በሁለቱ ረድፍ ላይ ይታሰራል፣ በመካከላቸው በባለ 6 ቁርጥራጭ እንደ መሰላል ይያያዛሉ። ከዚያ ፊቱ፣ ጀርባውና ሥሩ በወንፊት ሽቦ ይለበሳል። ጥቅጥቅ ያለው ሽቦ ይሻላል። የመጀመሪያው ልስን ሲሚንቶው ጠንከር ያለ ይሁን፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ፣ ሽቦውን አልፎ እስኪነክስ ተጫን ተደርጎ ይመታ። ይድረቅ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ውስጡ ባዶ ነው የሚቀረው። ያንን ቦታ በጠጣር ኮንክሪት ልሙላ ብትል፣ በ20 ሴንቲ ውፍረት ከ200 ኪሎ በላይ ትሰቅላለህ፣ ያለ ምንም ጥቅም። መብራት የምትፈልግ ከሆነ የኤሌክትሪክ ቱቦው ሽቦው ሳይለብስ ይግባ።

ወደ ክቡ ግድግዳ እንምጣ። «በብሎኬት ክብ አይወጣም» የሚለው ቃል በከፊል እውነት አለው። በሙሉ ብሎኬት አይወጣም። የኛ ሰው ክብ ቤት ሲሠራ ኖሯል። የላስታን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ላሊበላ ላይ አይተሃቸው ይሆናል። ድንጋዩ ትንንሽ ስለሆነ እንደፈለጉ ያዞሩታል። ብሎኬት ግን 40 ሴንቲ ቀጥ ያለ ነገር ነው። የክቡም ግድግዳ ሬዲየስ 1.50 ነው እንበል፤ በዚያ ላይ ስትደረድረው እያንዳንዱ ብሎኬት መካከሉ ላይ ከክቡ 1.3 ሴንቲ ያህል ይርቃል። ይሄ በልስን ይሸፈናል። ትልቁ ችግር መገጣጠሚያው ነው። ባለ 15 ብሎኬት ከሆነ፣ በውስጥ በኩል 1 ሴንቲ የነበረው መገጣጠሚያ በውጭ በኩል 5 ሴንቲ ይሆናል። ያንን ክፍተት በሲሚንቶ ሞልተህ ግድግዳ አልሠራህም፣ ሲሚንቶ ነው የቀበርከው። ከጊዜ በኋላ በየመገጣጠሚያው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወርዳል።

ብሎኬቱን ግማሽ አድርገው፣ ቀጭኑንም ምረጥ። ባለ 10 ብሎኬት ለሁለት ተቆርጦ 20 ሴንቲ ሲሆን፣ ከክቡ የሚርቀው 3 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። መገጣጠሚያውም በውስጥ 1 ሴንቲ፣ በውጭ 2.4 ገደማ ይሆናል። ይሄ ሥራ ነው። ቆረጣው በግራይንደር ይሁን፤ በመዶሻ ከሆነ ግማሹ ይፈረካከሳል። ከዚያ የተሻለው ብሎኬት ከሚያመርቱልህ ልጆች ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ግማሽ ብሎኬት ማስመታት ነው። ቅርጹ መሃል ላይ ላሜራ አስገብተው ሊያወጡልህ ይችላሉ። ሸክላ ጡብ በቅርብ ካገኘህም አጭር ስለሆነ ለክብ ይመቻል፣ ዋጋውን ግን አወዳድር።

አወጣጡ እንደ ቅስቱ ነው፣ ከማዕከል። የክቡ ማዕከል የሚያርፍበት ወለል ላይ የውሃ ቱቦ በቱንቢ ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ከላይም ከታችም እሰረው። ቱቦው ላይ የሚሽከረከር 1.50 ሜትር ክንድ ይግባበት። የመጀመሪያው ረድፍ ያለ ሲሚንቶ ይደርደር፣ መገጣጠሚያው ይከፋፈል፣ ከዚያ ነው ጭቃ የሚነካው። ግንበኛው በየረድፉ ክንዱን ያዞራል፣ ክንዱን ያገደው ብሎኬት ከማዕከሉ ይርቃል፣ ክንዱ ያልደረሰበት ወደ ማዕከሉ ይጠጋል። ማዕከሉ ደረጃው ራሱ ላይ ካረፈና ቱቦ ማቆም ካልተቻለ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የክቡን ክፋይ ከኮምፔንሳቶ ቆርጣችሁ በሱ ለኩ። ከኮለኑ ጋር በየሁለት ረድፉ በባለ 6 ፌሮ ይያያዝ፣ ፌሮው በክቡ ልክ ታጥፎ ሲሚንቶው ውስጥ ይተኛ። ክብ ግድግዳ በቅርጹ ብቻ ከቀጥተኛው ይልቅ ለመገልበጥ ያስቸግራል፣ ግን ከኮለኑ የሚለይበት ቦታ ላይ መሰንጠቅ ይወዳል።

ስለ ቦታው ደግሞ። ሩብ ክብ በ1.50 ሬዲየስ ስታዞር ከማዕዘኑ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይጠፋል። ማዕዘኑ ወደ ሳሎን የሚወጣ ከሆነ ሳሎኑ ያንን ያገኛል፣ ደረጃው በኩል ያጣል። ስለዚህ የደረጃው ማረፊያ ከታጠፈ በኋላ ስንት እንደሚቀረው ለካ። አልጋና ቁምሳጥን ሁለት ሰው ይዞ የሚወጣው በዚያ ነው።

አንድ ነገር ከሶሌታው በፊት ወስን፤ ክቡ ላይኛው ፎቅም ይቀጥላል? ከቀጠለ በፕላኑ ላይ ያልነበረ ግድግዳ ሶሌታው ላይ እያስቀመጥክ ነው። ባለ 10 ብሎኬት በሁለት ወገን ተለስኖ በካሬ ከ200 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ያንተ ሩብ ክብ 2.36 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ በ2.80 ቁመት ከአንድ ቶን በላይ ይሆናል፣ ከሥሩ ቢም ላይኖር ይችላል። ኢንጅነርህ ወይ ፌሮ ይጨምርለታል፣ ወይ ላዩን በጂፕሰም ጨርስ ይልሃል። ሁለቱም መልስ ነው፣ ሳይጠየቅ መሞላቱ ነው ጥፋቱ። ግድግዳው የውጭ ከሆነ ደግሞ የጸደቀው ፕላንህ ላይ መስተካከል ይኖርበታል።

ልስኑ ላይ ብዙ ቆንጆ ግንባታ ይሞታል። ለሳኙ የለመደው ረጅሙን ጣውላ ወደ ጎን እያጋደመ መጎተት ነው። ክብ ላይ ይህን ካደረገ ክቡን ይቆርጠዋል፣ በየሜትሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ክብ ግድግዳ ወደ ጎን ይታጠፋል እንጂ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ መሪዎቹ (ጣውላው የሚሄድባቸው የልስን መስመሮች) ከላይና ከታች አግድም በኮምፔንሳቶው ቅርጽ ይሠሩ፣ ጣውላው ደግሞ ቆሞ በሁለቱ መሪዎች ላይ ወደ ጎን ይንሸራተት። ልዩነቱ ይሄው ነው። ለሳኝህ ይህን ስትነግረው ወዲያው ከገባው ሠራተኛ አግኝተሃል። ልስኑ ከ2 ሴንቲ በላይ የሚወፍርበት ቦታ ካለ በአንዴ አይመታ፣ ይንሸራተታል። ብሎኬቱና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ሁሉ ወንፊት ሽቦ ይግባ።

ጂፕሰም መጥፎ አይደለም፣ እንዳትጠላው። ቀላል ነው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያሸንፋል። ግን ተራው የ12 ሚሊ ጂፕሰም ቦርድ በደረቁ ለ1.50 ሬዲየስ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጹ በመርፌ ተበሳስቶ በውሃ ረጥቦ፣ በቅርጽ ላይ ተኝቶ መድረቅ አለበት። ወይም ቀጭኑን ቦርድ ሁለት ድርብ ማድረግ። የብረት ቋሚዎቹም ከተለመደው 60 ሴንቲ ወርደው በየ30 ይቁሙ። ሠራተኛው «ችግር የለም፣ እንቆራርጠዋለን» ካለህ ክብ ሳይሆን ባለ ስምንት ማዕዘን ነው የምታገኘው። ከባድ መደርደሪያ ወይም ቲቪ የምትሰቅልበት ከሆነም ውስጡ ቀድሞ እንጨት ይግባበት።

ብር? ቁሳቁሱ ብዙም አይጨምርም። የሚጨምረው የእጅ ነው። ክቡን ከሌላው ግድግዳ ጋር በካሬ ዋጋ አትዋዋል። ሠራተኛው በካሬ ከተከፈለው መፍጠን ግዴታው ነው፣ ክብ ደግሞ ፍጥነት አይወድም። ለክቡና ለቅስቱ ለብቻ ቁርጥ ዋጋ ስጥ፣ ቅርጹንና ቱቦውን አንተ አቅርብ። ከዚያ ማንም የማይነግርህ ትንንሽ ወጪ አለ። ዞኮሎው (ከግድግዳው ሥር የሚዞረው ሴራሚክ) በሙሉ ሴራሚክ አይገባም፣ በ5 እና በ6 ሴንቲ እየተቆረጠ ነው የሚሄደው። የደረጃው እጀታ በክቡ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ብረቱ በማሽን መታጠፍ አለበት፣ እሱ ርካሽ አይደለም። ሶፋህም ክቡ ላይ አይጠጋም፤ ከኋላው ክፍተት ይቀራል። የሚያብረቀርቅ ቀለም እዚያ ግድግዳ ላይ አታስነካ፣ መብራትም ግድግዳውን እየላሰ እንዲያበራ አታድርግ፣ ያለችውን እያንዳንዷን እብጠት ቆጥሮ ያሳይሃል።

የመኝታ ቤቶቹን በሮች ተዋቸው። መዝጊያ የሌለው መተላለፊያና መዝጊያ ያለው በር አንድ አይደሉም። አናቱ ቅስት የሆነ መዝጊያ አናጢው በልዩ ትዕዛዝ ነው የሚሠራው፣ እንጨቱ ትንሽ በተጣመመ ቁጥር ከክፈፉ ጋር ይጣላል። ሌላም አለ። መዝጊያው የግድግዳው ውፍረት መካከል ላይ ከተገጠመ ሲከፈት ከፍ ያለው መሃሉ ዝቅ ያለውን የቅስቱን ጎን ይመታል፣ በሩ ግማሽ ተከፍቶ ይቆማል። የግድ ከተባለ ክፈፉ በሩ በሚከፈትበት ክፍል በኩል ከግድግዳው ፊት እኩል ይገጠም። ወይም መዝጊያው እስከ 2.10 ድረስ ተራ አራት ማዕዘን ይሁንና ከላዩ ያለው ቅስት የማይከፈት መስታወት ይደረግ። እኔ ግን ለዋናው መግቢያ ብቻ ነው የማስበው። ሦስት መኝታ ቤት፣ ሁለት ሽንት ቤት፣ ሁሉም ቅስት ከሆነ ሳሎን ላይ የደከምክበት አንዱ ቅስት አይታይም።

የቢሙን ስፋትና የመተላለፊያውን ሁለት ጎኖች በፎቶ አድርገህ ላክልኝ፣ በተለይ ኮለን የሌለበትን ጎን። ለፌራዮው የሚሰጠውን ንድፍ ካሳፎርማው ሳይዘጋ እልክልሃለሁ።